ባዶው መዝገብ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ጠዋት ከሐይቁ ዳር ጣቢያ ተደወለ። ጥበቃዋ ወለተ ሩፋኤል ናት። «እኔ አልነካሁትም ጋሼ!» ሰላምታ እንኳ የለም። የውኃውን ከፍታ የሚመዘግበው ማሽን ቆሞ ተነሥቷል። ለስድስተኛ ጊዜ።

ሄድሁ። ማሽኑ በራሱ ችግር ከወደቀ ምክንያቱን ሜሞሪው ላይ ጽፎ ነው የሚወድቅ፤ ሲነሣ እናነበዋለን። ከፈትሁት። ባዶ።

ኃላፊያችን ይትባረክ ወዲያው ፈረደ። «ባዶ ከሆነ ሶኬቱ ተነቅሏል ማለት ነው። ስልኳን ልትሞላ እየነቀለችው ነው። ውሏ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ አላድስም።»

እሷ ግን... «ስልኬንማ ሱቅ ነው የማስሞላው! ሶኬቱን ነክቼ ከሆነ ሩፋኤል ይፍረድብኝ።»

ምን ልበል? መዝገቡ ባዶ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ሰባተኛ። ባዶ።

እሑድ፣ ኅዳር 8
ፔዳ ሰፈር፣ ቤቴ። ተመሳሳይ ማሽን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሆን ብዬ ፕሮግራሙ እንዲወድቅ አደረግሁ። ሶኬቱን ማንም አልነካ። ተነሣ... መዝገቡ ባዶ!

ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ቡትሎደሩ ነው፤ ማሽኑ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራው ትንሹ ፕሮግራም። ለራሱ መሥሪያ የሚይዘው የሜሞሪ ቦታ የውድቀቱ መዝገብ ከተጻፈበት ላይ ያርፋል። ማንም ሳያነበው ይደመስሰዋል።

ቦታውን ማን መረጠለት? እኔ። የዛሬ ሁለት ዓመት።

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ለይትባረክ አልደወልሁም። ለምን?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
አስተካከልሁት። ቡትሎደሩ አሁን የመዝገቡን ቦታ አስቀድሞ ለይቶ ይተዋል፤ ለራሱ ከሌላ ይወስዳል። ጣቢያው ሄጄ ጫንሁት።

«ምን አደረጉበት?» አለች።
«ትንሽ ነገር።»
ትንሽ?...

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ሚካኤል። ረፋዱ ላይ ነፋስ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ማሽኑ ወደቀ፤ ተነሣ። ሄጄ ከፈትሁት፤ መዝገቡ አለ! ዐሥራ አራት መስመር። ማዕበል ሲበረታ ውኃው ውስጥ ያለው መለኪያ የተዛባ ቁጥር ይልካል፤ ፕሮግራሙ እሱን ሲያነብ ይወድቃል። ሶኬቱ የለበትም።

ለይትባረክ ደወልሁ።
«ታዲያ እስከ ዛሬ ባዶ የነበረው?»
«የኔ ስሕተት ነው። እኔ የጻፍሁት ፕሮግራም ይደመስሰው ነበር።»
«በጽሑፍ ታደርገዋለህ?»
አደረግሁት። ስሜ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው።

ከሰዓት ወደ ጣቢያው ተመልሼ ለእሷም ነገርኋት። እሑድ ማወቄንም አልደበቅሁ።
«ሌባው ከቤት ነበር በሉኛ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው ጋሼ።»


ማክሰኞ፣ ኅዳር 24
ውሏ ለአንድ ዓመት ታድሷል። ያዘዝነው አዲስ መለኪያ ገና አልመጣም።

ጠዋት ደወለች። «እንደምን አደሩ ጋሼ? ቤት ደኅና? እናትዎ ደኅና ናቸው? ጉንፋኑስ ለቀቀዎ?» ሁሉንም በየተራ መለስሁ።
«ያ ማሽን ደግሞ ቆሞ ነበር» አለች በመጨረሻ።
«አሁንስ?»
«ሰላምታችን ሳያልቅ ተነሣ። ዛሬውኑ ያንብቡት እንግዲህ፤ ሐሙስን አይጠብቁ።»