ድልድዩ ቆሞ መንገዱ ሄደ፤ ለመንገዳችን ኃላፊ

ለተከበሩ፣ ድምፅዎን በሬዲዮ እንጂ መልክዎን በአካል ለማየት ላልታደልነው የመንገዳችን ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመኪናዎን ጎማዎች ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይግባውና ከጉልበታችን በቀር ደህና ነን።

ትርሲት ፊልጶስ እባላለሁ፤ ንፋስ መውጫ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ወደ ስማዳ ቆላ ጉዞ ማቀድ እንደማይገባ ለተማሪዎቼ ሳይቀር የምናገር ሰው ነበርሁ። ይህን ክፉ ልማድ ያስጣሉኝ እርስዎ ነዎት። በነሐሴ መጨረሻ በሬዲዮ ቀርበው አዲሱ ድልድይ መመረቁን፣ ከእንግዲህ ሕዝቡ ክረምት በጋ ሳይል ጉዞውን ያለ ስጋት ማቀድ እንደሚችል ሲያበስሩ፣ አባቴ መሪጌታ ፊልጶስ ከመደባቸው ቀና ብለው «ሰማሽ? መንገድ አለ ተባለ» አሉኝ።

አባቴ ይህን ቃል ለምን እንደናፈቁት ላስረዳዎ። ቅኔ ያስተማሯቸው የኔታ ወልደ ሰንበት ድልድዩ ከተሠራበት ወንዝ ማዶ ታመው ተኝተዋል። የየኔታ የወንድም ልጅ ማሬ ደውላ «ፊልጶስን ሳላየው አልሙት ይላሉ» ብላናለች። አባቴ በወጣትነታቸው እናታቸው ሞተው ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ሲሉ ከየኔታ ጉባኤ ሳይመረቁ ወጥተዋል። በኋላ ሌላ ደብር ተምረው መሪጌታ ቢሆኑም የየኔታ ምርቃት እንደቀረባቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቆጫቸው ኖሯል። ስለዚህ ለሆነልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መረጃው አመሰግናለሁ። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደውዬ መንገዱ እንዴት ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ስልኩን ያነሳው ባለሙያ «እህቴ፣ አስፋልት በይው» አለኝ። እኔም አስፋልት አልሁት። የአባቴን ጋቢ አጠብሁ፣ ለየኔታ ማርና ጧፍ ገዛሁ፣ ሚኒባስ ተኮናተርሁ። ሹፌሩ እሸቴ ግን የእርስዎን ያህል እምነት ስላልተሰጠው አካፋና ገመድ ጭኖ መጣ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጭቃው አመሰግናለሁ። ከአርብ ገበያ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ያ አስፋልት ጎማችንን ዋጠው። እሸቴ በአካፋ ሲዝቅ፣ እኔና ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ከኋላ ስንገፋ፣ አባቴ ከዳር ቆመው ውዳሴ ማርያም ይደግሙ ነበር። መኪናው ወጣ፤ ጭቃው ግን ፊቴ ላይ ቀረ። አባቴ በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉልኝ «ግድ የለም፣ የኔታ ጭቃ አይጠሉም» አሉኝ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ሦስተኛው ስለ ድልድዩ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።

ድልድዩ ቆሟል። ቆሟል፤ ሐሰት ብናገር እግዜር ይጠይቀኝ። ቀለም ተቀብቷል፣ ስምዎም በትልቁ ተጽፎበታል። ነገር ግን ከወዲህና ከወዲያ የነበረውን የአፈር ሙሌት ጎርፍ ጠራርጎ ስለወሰደው፣ መሰላሉ እንደተነሳበት ቆጥ ወንዙ መካከል ብቻውን ተሰቅሎ ቀርቷል።

የኔታ «ወርጄ እቀበለዋለሁ» ብለው ስላስቸገሩ፣ ማሬ በቃሬዛ አሸክማ ከወዲያ ማዶ አምጥታቸው ነበር። አባቴ ሲያዩአቸው ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«የኔታ! ፊልጶስ ነኝ!»

የኔታ ከቃሬዛው ቀና ብለው፣ እጃቸውን ወደ እኛ እያወዛወዙ፣ አንድ ነገር ደጋግመው ተናገሩ። ወንዙ ያጓራል። «ምን አሉ? ትርሲት፣ ያንቺ ጆሮ ደህና ነው፤ ምን አሉ?» ይሉኛል አባቴ። እኔም አልሰማሁም። ስልክ እንዳንደውል ከገደሉ ሥር ኔትወርክ የለም። አባቴ ወደ ውኃው ሊገቡ ሲሉ እሸቴ ከወገባቸው ይዞ አስቀራቸው። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ የኔታንም ይዘዋቸው ዳገቱን ወጡ። አባቴ ዳግም ተንበርክከው ቃሬዛው ከዓይናቸው እስኪሰወር አልተነሡም።

ክቡርነትዎ፣ ድልድይዎ ተመርቋል፤ አባቴ ግን ሳይመረቁ ተመለሱ።

የኔታ መስቀል ሳይደርስ ዐረፉ። ያን ዕለት ያሉትን ማሬን በስልክ ብጠይቃትም «ስትመጡ እነግራችኋለሁ» ከማለት በቀር አልነገረችኝም። ለቀብራቸው መሻገር አልቻልንም። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰነበቱ፤ ያቀረብሁላቸውን እህል እያነሳሁ መመለስ ሥራዬ ሆነ። ለአርባቸው፣ ውኃው ጎደል ሲል፣ የማዶ ገበሬዎች ግንድ አጋድመው እጃችንን ይዘው አሻገሩን። አባቴ ለተዝካሩ እንኳ ሳይቀመጡ ማሬን «ያን ዕለት ምን ነበር የሚሉኝ?» ብለው ጠየቋት።

ማሬ አመነታች። «ምርቃት አይደለም አባቴ» አለች በመጨረሻ። «‹ፊልጶስ፣ ተነሥ ከጭቃው! ዝናብ ሳይዝህ ወደ ቤትህ ግባ!› ነበር የሚሉት። መንገዱን ሁሉ ‹ገባ ይሆን?› እያሉ ነው የተመለሱት።»

አባቴ «እንደ ተማሪነቴ ተቆጡኝ?» አሉና ሳቁ፤ እየሳቁም እንባቸው በጢማቸው ወረደ። ያን ዕለት ከተዝካሩ ጠበል ጠዲቅ ቀመሱ።

እርሳቸው እርስዎን ይቅር ብለዋል፤ በጸሎታቸውም ያስቡዎታል። እኔ ግን መሪጌታ አይደለሁም።

ከማይጎድል አክብሮትና እስካሁን ካልደረቀ ጫማ ጋር፣
ያሉትን ሁሉ ያመንሁ፣
ትርሲት ፊልጶስ፣ ከንፋስ መውጫ

ማስታወሻ፦ በቅርቡ አካባቢውን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ገበሬዎቹ ያጋደሙት ግንድ አሁንም አለ፤ መኪናዎን ከወዲህ አቁመው ይሻገሩበት። በሬም አህያም ቢሞክሩት አልሆነላቸውም፤ የሚያሻግረው ሰውን ብቻ ነው። እርስዎ ግን ለማንኛውም ይሞክሩት።