ሸንበቆን ይዤ ደረጃ ስወርድ

ወዳጄ፣ ካርዷ ጠባብ ስለሆነች ስለ ከተማው ትቼ ስለ ሸንበቆ ብቻ ልጻፍልህ። ያ በቁመቱ ሸንበቆ ያልነው፣ አንተ ቅርጫት ኳስ፣ እኔ ሒሳብ ያስተማርነው ልጅ፣ እዚህ ባሕር ማዶ ሦስተኛ ክለቡ ላይ ደርሶ የጉልበቱ መገጣጠሚያ አልቋል። የማድረው እሱ ዘንድ፣ በክለቡ ማደሪያ ነው። አሰልጣኙ ኮንትራት የሚያድሰው ልምምድ አይቶ አይደለም፤ ጠዋት ከደረጃው ሥር ቆሞ ተጫዋቾቹ ሲወርዱ እግራቸውን ያያል። ሸንበቆ ይህን ስለሚያውቅ ሁልጊዜ ቀድሞት ይወርድ ነበር። ዛሬ ግን አሰልጣኙ ቀደመው።

«ጋሼ፣ እኔ እርስዎን የደገፍኩ አስመስለን እንውረድ» አለኝ በሹክሹክታ፣ ክንዴን ይዞ። ያ ሁሉ ቁመት ትከሻዬ ላይ ተጫነ። በየእርከኑ ጥርሱን ሲያፋጭ ይሰማኛል። የትምህርት ቤታችንን ደረጃ ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ሲወርድ «ትሰበራለህ፣ አንተ ልጅ!» እያልክ የምትቆጣው እሱን ነበር።

ታች ስንደርስ አሰልጣኙ እኔን ከእግር እስከ ራስ አይቶ፣ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናግሮ ሄደ።

«ምን አለህ?»

«‹መምህርህ ብርቱ ናቸው፤ ተሸክመውህ ወረዱ› አለኝ» ብሎ ሊስቅ ሞከረ።

አሁን ከእኔ ጋር አገር ሊገባ ሻንጣውን እያዘጋጀ ነው።

ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህንና ልጆችህን ሳምልኝ። እናቱን ካገኘሃቸው ደህና ነው ብቻ በላቸው፤ የቀረውን ራሱ ይንገራቸው። ስንመጣ ግን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ና። እዚያም ደረጃ አለ፤ የእኔ ትከሻ ብቻውን አይበቃውም።