የእማዬ ክፍል በር

ለወንድሜ ለለይኩን፣

ከዚህ ከባሕር ማዶ፣ ከፌርፋክስ ሰላምታዬ ቤታችሁ ድረስ ይግባ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ለግንባታ አፈር የሚመረምሩ መሐንዲሶችን ቢሮ አጸዳለሁ፤ የጣሉትን ወረቀት እያነበብኩ ብዙ ተምሬአለሁ። እነሱ መሬቱን ቆፍረው ሳይመረምሩ መሠረት አያስጥሉም፤ የተሞላ አፈር ከሥር ሲሰምጥ መጀመሪያ አልገጥም የሚለው በርና መስኮት ነው ይላሉ።

አንተ የድሮውን የድንጋይ ካባ ጉድጓድ በአፈር ሞልተህ ቤት ስትጀምርበት «መጀመሪያ አስመርምረው» ብልህ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገህ «እትዬ፣ በመጥረጊያ ኢንጂነር ሆንሽ እንዴ?» እያልክ ግንበኞቹን አሳቅህብኝ። ይሁን፣ ሳቁ።

አሁን በገባችሁበት በዚያው ቤት የእማዬ ክፍል በር አልገጥም ብሎ አናጺው ሁለቴ እንደላገው ጽፈህልኛል። ሦስተኛ አታስነካው፤ ክፍቱን ይደር። አልጋዋንም ወደ በሩ አስጠጋላት። ካልሆነ ከእሷ ጋር ክፍል ተለዋወጡ፤ የአንተ እግር ለሩጫ ደህና ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

እህትህ እታገኝ