የወርቅአየሁ ክብደት

«ለእያንዳንዱ ታካሚ የራሱ ሕክምና» በሚል ርዕስ እንጅባራ ላይ ለተካሄደው የሐኪሞች ጉባኤ ክቡር ሰብሳቢ

ክቡር ዶክተር፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ሲያስነጥሰው ለዋለው ድምፅ ማጉያዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ እኔ የግምጃ ቤት ከተማ ጡረተኛ መምህር አየነው፣ የሕብረተሰብ ተወካይ ተብዬ ተቀምጬ ያልተናገርኩትን በጽሑፍ አቀርባለሁ። ባለቤቴ ወርቅአየሁ እርስዎ በሚመሩት ክፍል አሥራ ሁለት ቀን በትኩሳት ተኝታ ካረፈች ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። አዳራሹ ውስጥ የምናደድ መስሎኝ ነበር፤ አልተናደድኩም። ከቀብሯ ወዲህ ብዙ ነገር አይሰማኝም።

፩. ስለ ሐሳባችሁ ስፋት አመሰግናለሁ። አንዱ ሐኪም የበሽተኛውን ዘረ መል አንብበን መድኃኒት የምንመርጥበት ቀን ቀርቧል አሉ። ሌላው፣ ይህ ለካንሰር እንጂ ለተላላፊ በሽታ አይሆንም፣ ትኩሳት ቀጠሮ አይጠብቅም አሉ። ዶክተር ሶስና ግን የትኛው ተህዋሲ እንደሆነ ሳናውቅ እጃችን የገባውን እያዘዝን ስለ ነገ ማውራታችን ያሳፍረኛል ሲሉ፣ እርስዎ ስለ ግልጽነታቸው አመስግነው የሻይ ሰዓት መድረሱን አበሰሩን። ሻዩ ጥሩ ነበር።

፪. ባለቤቴ ስትገባ ሚዛኑ ተበላሽቷል ተብሎ ክብደቷ በግምት ሃምሳ ኪሎ ተጻፈ። ከባጃጅ አቅፌ ያወረድኳት እኔ ነኝ። ሃምሳ አልነበረችም።

፫. በዚያው ሰሞን ፈረሴ ታሞ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ፀጋው ጋጣው ድረስ መጥቶ ክብደቱን ለማወቅ ደረቱን በሜትር ለካ፣ ዕድሜውን፣ የሚበላውን ሣር፣ ከዚህ በፊት የወሰደውን መድኃኒት አንድ በአንድ ጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ መርፌውን መጠነ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የራሱ ሕክምና ገና ሩቅ ነው ሲባል ግራ ይገባኛል፤ እኔ ጋጣ ደርሷል።

፬. የወርቅአየሁ ደም በሦስተኛው ቀን ተወስዶ፣ ተህዋሲውን የሚገድለው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ይመረመራል ተብሎ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ተልኮ ነበር። ውጤቱ በአርባዋ ማግስት በስልክ ተነገረኝ። ስትወጋው የከረመችው መርፌ ተህዋሲውን እንደማይነካው፣ የሚስማማት ሌላ እንደሆነ፣ እሱም መጋዘናችሁ ውስጥ እንዳለና በአስቸኳይ ይዣት እንድመጣ። የደወለችው ልጅ በትሕትና ነው የነገረችኝ፤ እኔም እሺ አልኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ከእናንተ ጋር ማያያዝ ነውር ስለሆነ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ለእርሷ ብቻ የተመረጠውን ያን መድኃኒት ለሌላ ሰው በጊዜው እንድትሰጡልኝ፣ ሚዛኑንም እንድታስጠግኑ እየለመንኩ፣ ቀጣዩ ጉባኤዎ በጭብጨባ እንዲጠናቀቅ የምመኝ፣ በግምት የተጻፈች ሚስት ባል፣

አየነው፣ ከግምጃ ቤት

ማስታወሻ፦ የቤተሰቤን ጤና ስላልጠየቁኝ እኔው ልንገርዎ፤ ፈረሱ ድኗል።