ነፋስ ያላየው ልብስ

አባዬ፣ እጀ ጥቁሩ አባቴ፤

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ያለው ማቅለሚያ ቤትህ ተዘግቷል። ሐዘንተኛው ሁሉ ዛሬ ገበያ ሄዶ የፋብሪካ ጥቁር ይገዛል። እማዬ በርሜሎችህን አልሸጥም ስላለች ግቢ ውስጥ ዝናብ ያጠራቅማሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ እማራለሁ። ብትኖር ትስቅብኝ ነበር።

ሐዘንተኞች ሲጮኹብህ ትዝ ይለኛል። ነጠላውን በግራር ቅርፊት ውሃ ትነክረውና፣ ቁርጥራጭ ብረት በጠላ አተላ የዘፈዘፍክበት በርሜል ውስጥ ትከተዋለህ፤ ሲወጣ ገና አመድ መሳይ ነው። ሬሳ እቤታቸው አስቀምጠው የመጡ ሰዎች ቶሎ በል ሲሉህ፣ «ነፋስ ሳያየው አልሰጥም» ብለህ ገመድ ላይ ትሰቅለዋለህ። እየሰደቡህ ሌላውን ነጠላ ትነክራለህ። እኛም ግትርነትህ ይመስለን ነበር።

ከዚያ ትኩሳት ሳናስበው ወሰደህ። እማዬ አንተ ባስቀመጥከው ቀለም ካልሆነ አልለብስም አለች። ቀሚስና ነጠላዋን ነክረን ስናወጣው አመድ ሆኖ ቀረ። እድርተኛው ቃሬዛውን አንስቷል፤ ቄሶቹ አማኑኤል ይጠብቃሉ። እርጥቡን ለበሰችው። ሴቶቹ አይተው አንገታቸውን ደፉ። «የአገሩን ሰው ሁሉ አጥቁሮ እኔን አመድ አልብሶኝ ሄደ» አለች። ኀፍረቱ ሐዘኑን ቀድሞት እንባ እንኳ አልወጣትም።

መንገዱን በሙሉ ይነፍስ ነበር። ነፋሱ ምን ሲሠራ እንደነበር መምህራችን በቅርቡ አስረዱን። ከአተላው የወጣው ብረት መጀመሪያ አንዲት ኤሌክትሮን ለአየር ይሰጣል። ከዚያ ብረቱን አቅፎ የያዘው የቅርፊቱ ነገር፣ ሊጋንድ ይሉታል፣ ብርሃን ሲነካው በተራው ለብረቱ ኤሌክትሮን ያቀብላል። ያ ማቀበል ብርሃኑን ስለሚውጠው ለዓይናችን ጥቁር ይሆናል። ለካ አንተ የምትጠብቀው ብረቱ ለአየር እስኪሰጥ ነበር። ክፍል ውስጥ አለቀስኩ፤ ማንም ምክንያቱን አላወቀም።

መቃብርህ አፋፍ ስንደርስ እማዬ አጎንብሳ እጅጌዋን አየች። ጠቁሯል። ቀሚሱም ነጠላውም ጠቁሯል። እስከዚያ ድረስ ደርቃ የቆመችው ሴት ያኔ «አሁን ገና ሞተብኝ» ብላ አፈሩ ላይ ወደቀች።

አባዬ፣ ለሙት ዓመትህ አውልቂ ይሏታል፤ እሷም ታወልቃለች። እኔ አንተን ለማስታወስ ጥቁር መልበስ አያሻኝም። ያጠቆርካትን የመጨረሻዋን ሐዘንተኛ በዓይኔ አይቻለሁና፣ እስካለሁ አልረሳህም።

ልጅህ