እፍ የማይባል እሳት

ብዙዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ለሥልጠና ካይሮ ከገባሁ ሳምንቴ ነው። ፒራሚዱን ተዪውና ትናንት የሠራሁትን ጉድ ስሚ። አብራኝ የምትሠለጥነው ናዲያ ቤቷ ጋብዛኝ፣ "ሻዩን ጠብቂልኝ" ብላ ከወጥ ቤት ወጣች። እዚህ ጋዙ እንደ ውሃ በቧንቧ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ቁልፉን ሲያዞሩት ሰማያዊ እሳት ቦግ ይላል። ጭስ የለ፣ አመድ የለ፣ እንባ የለ! እሳቱ ሲያንስብኝ ግን የደብረ ታቦር ልጅ አይደለሁ፣ ጎንበስ ብዬ እፍ አልኩት። ድርግም አለ! ክፉ ሽታ ቤቱን ሞላው። ናዲያ እየጮኸች ሮጣ ጋዙን ዘጋች፣ መስኮቱን በረገደች። "ቤቱ ሊፈነዳ ነበር እኮ!"

በኋላ ሳቅን። እኔ ግን ገል ይዤ እናንተ ቤት እሳት ልጭር የምመጣው ትዝ አለኝ። ፍሙን እንደያዝኩ ወሬ ስንጠርቅ፣ እናትሽ እማማ ውቢት ጭስ ያቀላውን ዓይናቸውን እየጠረጉ "ልጄ፣ ፍምሽ እኮ አመድ ሆነ!" ይሉኝ ነበር። ናዲያ የፊት ለፊት ጎረቤቷን ስም እንኳ አታውቅም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ጭስ የሌለው እሳት አየች በያቸው። እዚህ እሳት ሊጭር የሚመጣ ሰው እንደሌለ ግን አትንገሪያቸው።

ሠናይት