ዱዓ የተደረገበት መንገድ

ከሚሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

አሰላሙ አለይኪ ወረህመቱላህ። አካም ጂርታ? ያ ራስ ምታትሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ጨፋ ላይ ማሽላው አሽቷል፣ አባቴም ወፍ ሲጠብቅ ይውላል።

ደህና ነን ያልኩት ለወጉ ነው፤ ወላሂ ደህና አይደለሁም። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ ይከዳኛል። አንቺ ያለሽበት የፕሮፌሰሩ ቤተ ሙከራ አልገባም። ለእሱም ጽፌለታለሁ።

ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ቦታውን ሳላይ ዱዓ አስደረግሁ። ለማስተርስ ተቀበሉኝ ባልኩ ማግስት አባቴ ጎረቤቱን ሰበሰበ፣ ሼህ ሙሀመድኑር እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰፈሩ ሁሉ አሚን ብሎ ሸኘኝ። ዱዓ የተደረገበት መንገድ ደግሞ እኛ ዘንድ አይቀርም። በአራተኛው ቀን ሻንጣዬን ይዤ ስመለስ ግማሹ ዱዓው አልደረሰላትም አለ፣ ግማሹ አንድ ነገር አጥፍታ ተባራለች አለ። እኔም አላስተባበልኩም። አባቴ ከዚያ ወዲህ ከጁምዓ የሚወጣው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው።

ምን ብዬ ላስረዳቸው? ፕሮፌሰሩ እንደሆነ አልሰደበኝ፣ አልተቆጣኝ። እንዲያውም አቀንጭራ የሚሉት አረም ማሽላውን እንዴት እንደሚጨርሰው ለማጥናት የጨፋ ገበሬ የሚያምናት ልጅ ያስፈልገኛል አለኝ። ወደ አንቺ እያመለከተ “ስለ እኔ እሷን ጠይቂያት” ብሎም ወጣ። በሩን ግን አልዘጋውም። አንቺም “ጥሩ ነው፣ እንደ አባት ነው” አልሽኝ፤ በስልክ ያልሽኝን ራሱን፣ አንድ ቃል ሳትቀይሪ። ከዚያ የጫማው ድምፅ ሲሰማ ዳቦ እንደጎረስሽ ብድግ አልሽ። ሰንበቴ ገበያ ከከብት ደላላ ጋር አፍ ትካፈቺ የነበርሽው አንቺ! የሁለት ዓመቱ ትምህርትሽ አራተኛ ዓመቱን እንደያዘ እንኳ የሰማሁት ከጽዳት ሠራተኛዋ ነው።

አልተቀየምኩሽም። ነይ ነይ ያልሽኝ ለምን እንደሆነ ክፍልሽ ውስጥ ያነጠፍሽልኝን ፍራሽ ሳየው ገባኝ፤ ከጎንሽ የሚሆን ሰው ፈልገሽ ነው። ግን ፈራሁ፣ እውነቱ ይኸው ነው። በዚህ ሙያ እሱን የማያውቅ መምህር ስለሌለ ሌላም የሚቀበለኝ የለም። ከትምህርቱ እርሜን አውጥቻለሁ።

ከትናንት ወዲያ እናትሽ መጡ፤ አንቺ ዘንድ ሰንብቼ እንደመጣሁ ሰምተው ነው። ስለ ትምህርትሽ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ከስታ ይሆን? ብቻ አሉኝ። እንዳያዝኑ ብዬ ወፍራለች አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝና “እኔስ ከስታ እንደሆነ ትምህርቱም ጥንቅር ይበል፣ ነይልኝ ልላት ነበር። እንግዲያስ ትቆይ” ብለው ወጡ። በር ድረስ ተከተልኳቸው፤ ጠርቼ ግን አልመለስኳቸውም።

አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ። አውፍ በይኝ።

ብቻዋን የተመለሰችው አብሮ አደግሽ